የፊት ጎማ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣና ቶሎ ሄደ። የወረደችውንም ጥቂት መሬቱ ዋጣት። የኖራ ድንጋይ አገር እንዲህ ነው፤ ውሃ ከላይ አይቆምም፣ በስንጥቁ ገብቶ ሌላ ቦታ ለሌላ ሰው ይወጣል። ከሁለቱ ጉድጓዶች አንዱ ደረቀ። የድንጋይ ካባው ተዘጋ። ከሦስቱ የኖራ እቶኖች ሁለቱ ጠፉ፤ ሦስተኛው በወር አንዴ ይጨሳል። በየቀኑ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ ሆነ። ፖስታ ቤቱም ተዘጋ፤ ቁልፉን የሚረከብ ሰው ስላልመጣ ፖስተኛዋ ኪሷ ከትታው ቀረች። ዘጠኝ ቤቶች ተቆለፉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሥራ ሦስት ልጆች ቀሩ። ከአሥራ ሁለት ካነሱ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ያን ደብዳቤ ያደረሰችው ፖስተኛዋ ራሷ ናት። የመጨረሻ ደብዳቤዋ እሱ ነበር።

ከአሥራ ሦስቱ ሁለቱ የታናሽ እህቷ ልጆች ናቸው። እህቷ ደግሞ ገመድ ገዝታ ዕቃ ማሰር ጀምራለች።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቂ" አለቻት ፖስተኛዋ።

"እታለም፣ ምን እስኪመጣ ነው የምጠብቀው?"

"የብስክሌቱ ሰው ይምጣ።"

"አንድ ሰው በብስክሌት መጥቶ ሊያድነን ነው?"

"አንድ ሰው አይደለም። እሱ መንገዱን ከመረጠ ብዙ ይመጣሉ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። የከተማው የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር በኮረብታው አገር ውስጥ ቋሚ የዳገት መንገድ ይፈልጋል። ነጂዎች በወር ሁለት እሁድ ይመጣሉ፤ ይበላሉ፣ ያድራሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱም አስፋልቱን ይጠግናል፣ አውቶቡሱ ይመለሳል። ለምርጫ የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ በወንዙ መንደር በኩል የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው የእነሱ ነው። የመንገድ መራጩ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከታች ድልድዩ ጋ ይደርሳል ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፖስተኛዋ ትልቁ ኩርባ ላይ ወደቀች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የወረደችው ኩርባ ነው። ዐይኗን ጨፍና ትወርደዋለች ይሏት ነበር። መንገዱን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ነው የወጣችው፤ ፍሬን ስትነካ ግን የፊት ጎማው ከሥሯ ሸሸና ሳይክሉ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ተነሥታ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተልጧል። መዳፏን ብታየው ነጭ ነው። አስፋልቱን በጣቷ አሸችው። እንደ ሳሙና ሙልጭ ይላል።

ወዲያው ገባት። ትናንት የመንደሩ ሊቀመንበር ሰዉን ሰብስቦ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋዮች ኖራ ሲያስቀባ ውሏል። ይሄን ታውቃለች። አመሻሹ ላይ እሷ እህቷ ዘንድ ስትሄድ ግን ሥራው አላለቀም ነበር። የተረፈውን ኖራ አስፋልቱ ላይ ነስንሰው፣ ስንጥቁንና ጉድጓዱን ሞልተው፣ በመጥረጊያ አስተካክለውታል። ሌሊት ጤዛ ወረደበት።

የፊት ጎማዋን አሽከረከረችው። ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሆኗል።

ሳይክሏን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በእግር መንገዱ ወደ እቶኑ ወረደች። ሩቅ አይደለም። ኖራ አቃጣዩ እንደ ልማዱ ቀድሟት ተነሥቶ በእቶኑ አፍ ድንጋይ ይደረድራል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቅንድቡ ነጭ፣ የጆሮው ፀጉር ነጭ፣ ጫማው ነጭ ነው። ጉልበቷን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ድንጋዩን አስቀመጠ።

"ወደቅሽ?"

"ወደቅሁ።"

"የት?"

"ትልቁ ኩርባ ላይ። አስፋልቱን ኖራ አልብሰውታል።"

"ጠርዙን ነው የምንቀባው ብለውኛል።"

"ጠርዙንም ቀብተዋል። ከሩቅ ስታየው የተተኮሰ አንሶላ ይመስላል።"

"ከቅርብስ?"

"ከቅርብ ጉልበቴን እየው።"

ኖራ አቃጣዩ መሬት መሬት አየ። "አሥራ አራት ከረጢት ሲወስዱ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። "ለጠርዝ አራት ይበቃል።"

"ሰው ሰብስቤ በውሃ ላሳጥበው?"

"እንዳትሞክሪው። ውሃ ከነካው እስከ ድልድዩ ድረስ ሳሙና ነው የሚሆነው። ጤዛው ይድረቅ። ሲደርቅ በመጥረጊያ ይነሣል፣ ከዚያ ብቻ ነው ውሃ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ማንም እንዳይረግጠው።"

"ሰውዬው ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ነው።"

ኖራ አቃጣዩ ግድግዳው ሥር የቆመውን የራሱን ሳይክል ገልብጦ በኮርቻው አቆመና የፊት ጎማውን ብሎን ይፈታ ጀመር።

"ተው ጋሼ" አለች።

"ምኑን?"

"ይሄ ነገር ሁለተኛ ጊዜው ነው።"

"አልቆጠርኩም።"

"እኔ ቆጥሬያለሁ።"

ከራሱ በላይ፣ የእቶኑ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ አንድ የተጣመመ ጎማ ተሰቅሏል። ዝገት በልቶታል። በዚህ ቤት በኩል ባለፈች ቁጥር ታየዋለች። ላለማየት ትሞክራለች፤ ታየዋለች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ፖስታ ቤት ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ሴት ልጅ ይሄን ዳገት አትችልም ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ፣ አንድ ቀን እስክትዘገይ ነበር የሚጠብቀው። ያው ኩርባ ላይ ጎማዋ ተጣመመ። ቦርሳው ሙሉ ነው። የሃያ አምስት ዓመቱ ኖራ አቃጣይ የራሱን የፊት ጎማ ፈትቶ ሰጣት። በሳምንቱ እሁድ ከተማ ውስጥ ውድድር ነበረው። ዓመት ሙሉ የተለማመደበት፣ ተመዝግቦ ቁጥሩን ኪሱ የያዘበት ውድድር ነው። እስከዚያ አዲስ ጎማ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣልኛል አለች። የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አዲሱ ሳይደርስ የኖራ አቃጣዩንም ጎማ አጣመመችው። ያን እሁድ እሱ ድንጋይ ሲፈልጥ ዋለ።

"ሌላ እሁድ አለ" ነበር ያላት።

በዓመቱ አገባ። በዓመቱ አባቱ ሞተና እቶኑ በእሱ ላይ ወደቀ። ሌላው እሁድ ሳይመጣ ፀጉሩ ነጣ፤ በኖራው ይሁን በዕድሜው ግን ማንም መለየት አልቻለም። እሷ ሦስት ጊዜ አዲስ ጎማ ገዝታ ወስዳለታለች። ሦስቴም "አለኝ፣ ለሌላ ሰው ስጪው" ብሎ መልሷታል። ኋላ ኋላ ነው የገባት። የወሰደችበት ጎማ አይደለም። እሁድ ነው።

የራሱን ጎማ የእሷ ሳይክል ሹካ ውስጥ አስገብቶ ብሎኑን አጠበቀ። ሳይክሏ ከላይ እስከ ታች የፖስታ ቤት ቀይ ነው፤ አሁን የፊት ጎማው ጥቁር ሆነ።

"ሰውዬውን በጋሪው መንገድ አምጪው" አለ ሳያያት። "እንግዳን ጊዜ ይፈጅበታል። እኛ እስከዚያ እንጠርጋለን።"

"የጋሪውን መንገድ ይወጣዋል ብለህ ነው?"

"እሱን አላውቅም። አንቺ ትወጪዋለሽ።"

የጋሪው መንገድ ከድልድዩ ተነሥቶ በእቶኑ በኩል አልፎ፣ ደረቁን ሸለቆ ይዞ እስከ ካባው ድረስ ይወጣል። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት ድንጋይና ኖራ የሚመላለስበት እሱ ነበር። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት የድንጋይ መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከአንድ ተኩል መዳፍ አይሰፋም። የጋሪ ጎማ ለረጅም ዘመን አሽቶ አለስልሷቸዋል። በመሐል ጠጠርና እሾህ ነው። ፖስተኛዋ ቦርሳው ለሚከብድበት ቀን በአስፋልቱ፣ ለአጣዳፊ ደብዳቤ በዚህ ነበር የምትሄደው፤ በግማሽ ያሳጥራል።

ከሦስት ሰዓት በፊት ድልድዩ ጋ ደረሰች። ሊቀመንበሩ ኮት ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ጉልበቷን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"ዛሬን መርጠሽ ወደቅሽ?"

"እርስዎ ነዎት የመረጡልኝ። አስፋልቱ ላይ ማን አስነሰነሰ?"

"ያምራል ብዬ ነው። ስንጥቁ አያሳፍርም?"

"ሰውዬው እዚያ ላይ አንገቱን ቢሰብርስ ያምራል?"

ሊቀመንበሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የመንገድ መራጩ መጣ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተጠበሰ ሰው ነው። ሳይክሉ በሁለት ጣት የሚነሣ ይመስላል። ከኋላው አንዲት መኪና ትከተለዋለች። ወርዶ እጅ ነሣና ዐይኑን ቀዩ ሳይክል ላይ ተከለ።

"ይሄ ስንት ኪሎ ነው?"

"ያለ ደብዳቤ ሃያ ሁለት" አለች ፖስተኛዋ።

"ከደብዳቤ ጋር ዳገት ወጥተውበታል?"

"ወጥቼበታለሁ። የሚመልስ ሰው ካለም መልሱን ይዤ ወርጄበታለሁ።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ጌታዬ፣ በአስፋልቱ እንጀምር፣ መንገዱ በጣም..."

"በአስፋልቱ አይሆንም" አለች።

ሊቀመንበሩ በዐይኑ ለመናት። አየችው። ሽማግሌ ነው፣ ለመንደሩ ብሎ ነው፣ አንጀቷን በላት። ግን ሰው ማንሸራተት የባሰ ነው።

"ጌታዬ፣ ትናንት ለእርስዎ ብለን መንገዱን ኖራ ነሰነስንበት። ጤዛ ወርዶበት እንደ ሳሙና ሆኗል። እኔ ጠዋት ወድቄበታለሁ። እስኪደርቅ ማንም አይነዳበትም።"

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። "ለእኔ ብላችሁ አስፋልት ቀባችሁ?"

"ክፉ አስበን አይደለም። እኛ ነገር ሲያረጅብን ኖራ ነው የምንቀባው። ግድግዳ ሲያረጅ፣ ዛፍ ሲታመም፣ ደጃፍ ሲቆሽሽ። ሌላ ዘዴ አናውቅም።"

የመኪናው ሹፌር በመስኮት በኩል ሲስቅ ተሰማ። መራጩ ግን አልሳቀም፤ ሰዓቱን አየ።

"አምስት ሰዓት ላይ የወንዙ መንደር መሆን አለብኝ። መጠበቅ አልችልም።"

"ሌላ መንገድ አለ" አለች። "የጋሪ መንገድ ነው። አይቀባም፣ አያንሸራትትም። ውሃ ቢወርድበት ወዲያው ይጠጣዋል።"

"የጋሪ መንገድ ለእንግዳ ይታያል?" አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ።

"ርዝመቱ ስንት ነው?" አለ መራጩ።

"ስድሳ፣ ከዚያ ዘጠና፣ ከዚያ መቶ አርባ። በመሐል ማረፊያ አለው።"

"ስድሳ ምን?"

"የፔዳል ዙር። እኔ በሱ ነው የምለካው። የሚከብደውን ብቻ ነው የምቆጥረው፤ ቀላሉ አይቆጠርም።"

አሁን ሳቀ። መነጽሩን መልሶ አደረገ። "እሺ እትዬ። ያሳዩኝ።"

"ቀኙን መስመር ይያዙ። ወደ ግራው እንዳይሻገሩ። ግራው የገደሉ ወገን ነው፤ የጋሪው ሸክም ሁሉ ወደዚያ ስለሚያዘነብል ተሰባብሯል።"

ስድሳውን አብረው ወጡ። መራጩ ከኋላዋ ነበር፤ እስትንፋሱ እንኳ አይሰማም። ከዚያ አለፋት፤ በመሐል ያለው ጠጠር ላይ ትንሽ ተንገጫግጮ መልሶ መስመሩ ውስጥ ገባ። ጥሩ ነጂ ነው፣ አለች በልቧ። እጁ መሪውን አያንቀውም።

እቶኑ ጋ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ነው። ምስማሩ ላይ ያ ጎማ ተሰቅሏል። የፊት ጎማ የሌለው ሳይክል ተገልብጦ እንደቆመ ነው። ኖራ አቃጣዩ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ኩርባው እየወጣ ነበርና ድምፅ ሲሰማ ቆሞ ዞረ። እጁን አላወዛወዘም፣ አልጮኸም። ዐይኑ ከፊት ጎማዋ ጋር አብሮ ዞረ።

"እኔን ነው የምታየው ጎማህን?" አለች እያለፈች።

"ጎማዬን" አላት። "አንቺን አውቅሻለሁ።"

ዘጠናው ላይ መራጩ ተሳሳተ። ግራው መስመር ጥላ ነበረውና ወደዚያ ተሻገረ። ወዲያው የተሰበረ ድንጋይ ቀጭኗን ጎማ ነከሳት፤ እግሩን መሬት አሳረፈ። ፖስተኛዋ በቀኙ አለፈችው። ሰው ሲሳሳት ቶሎ የሚናገረው ጥሩ አስተማሪ አይደለም ብላ ታምናለች።

ማረፊያው ላይ ጠበቀችው። እዚያ መሬቱ አፉን የከፈተበት ጉድጓድ አለ፤ አንድ ቤት ይውጣል። ከውስጡ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል፣ በሞቃት ቀንም። መራጩ ደርሶ ጠርዙ ላይ ቆሞ ፊቱን ሰጠው።

"ውሃችሁ ሁሉ እዚህ ነው የሚገባው?"

"እዚህ ይገባል፤ ወንዙ መንደር ይወጣል።"

"እና የወንዙ መንደር ውሃ የእናንተ ነው?"

"እነሱ እንደዚያ አይሉም።"

መቶ አርባው ከፊታቸው ነበር። ቀጥ ብሎ በሁለት የነጭ ድንጋይ ግድግዳ መሐል ይወጣል፤ ኩርባ የለውም፣ ማታለያ የለውም። መራጩ መሪው ላይ የተሰካችውን ትንሽ የዳገት መለኪያ ተመለከተ። "አሥራ ስድስት በመቶ" አለ። "አሥራ ሰባት።" ከዚያ በኋላ ማንበቡን ተወ።

ጎን ለጎን መሄድ አይቻልም። እሷ ቀደመች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳይክሉ ሦስት ማርሽ ብቻ አለው፤ ትንሹን ካስገባች ቆይታለች። ሃያ። ሠላሳ። ጉልበቷ ደሙ ደርቆ ነበር፤ አሁን ቁስሉ መልሶ ተቀደደና ካልሲዋ ድረስ ወረደ። ሃምሳ ላይ ከኋላዋ የሰንሰለት ድምፅ ይሰማታል። ስድሳ አምስት ላይ ዝም አለ። እግር ጠጠር ሲረግጥ ሰማች። አልዞረችም። የዞረ ሰው መስመር ይስታል።

ዘጠና ላይ ዐይኗን ላብ ሞላው። መቶ አሥር ላይ ጭኗ ከእሷ ጋር መነጋገር አቆመ። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ወርዳ ገፍታለች፤ ማንም ስላላየ አሳፍሯት አያውቅም። ዛሬ ግን አንድ ሰው ከኋላዋ አለ፣ ወረቀትም ይዟል። የራሳቸው ፖስተኛ እንኳ አልቻለችውም ብሎ ይጽፋል። አሥራ ሦስት ሲቀነስ ሁለት አሥራ አንድ ነው። እህቷ ቋጠሮውን በሁለት ዙር አስራለች። ደግሞ ይሄ ጎማ የእሷ አይደለም። አንዴ የእሱን ጎማ አጣማ መልሳለታለች። ዛሬ ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት።

መቶ ሃያ። ከኮርቻው ተነሥታ ቆመች። መቶ ሠላሳ። ነጩ ግድግዳ ዝቅ አለ፣ ሰማዩ ሰፋ። መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ መንገዱ አለቀ።

አራት ተረፋት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይሄን መንገድ ከመቶ አርባ በታች ወጥታው አታውቅም።

ካባው አፋፍ ላይ ሳይክሏን አስደግፋ ቆመች። ከታች ኮረብታው በኮረብታ ላይ ተደርቦ፣ ነጭ ድንጋዩ ከአረንጓዴው ውስጥ እንደ ጉልበት ብቅ ብቅ እያለ ይታያል። መንገዶቹ ሁሉ ይታያሉ። ስማቸውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ቁጥር ስለሆነ።

መራጩ ሳይክሉን እየገፋ ደረሰ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ።

"ያ ጭስ ምንድን ነው?"

ትልቁ ኩርባ ላይ ነጭ ደመና ተነሥቷል። በደመናው ውስጥ ሰው ይርመሰመሳል፤ መጥረጊያ ይወርዳል፣ ይነሣል። ከፊት ከፊት ትንንሾች ይሮጣሉ።

"መንደሩ ነው" አለች። "ጥፋቱን እየጠረገ ነው።"

"ስንት ሰው ነው?"

"ያለነው ሁሉ።"

መራጩ አተኩሮ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሹፌሩን ጠራ። "የአምስት ሰዓቱን ቀጠሮ ሰርዘው" አለ። "አዎ፣ የወንዙን።" ስልኩን ዘጋ። "የወንዙን መንገድ ሁለት ጊዜ ነድቼዋለሁ፣ እትዬ። ጥሩ መንገድ ነው። ሁለቴም እንቅልፌ መጥቷል።"

የፖስተኛዋ እንባ ከላቧ ጋር ስለተቀላቀለ መጥረግም አላስፈለጋት።

በመንደሩ በኩል ዞረው በአስፋልቱ ሲወርዱ ኩርባው ደርቆ፣ ተጠርጎ ጥቁር ሆኖ ነበር። ስንጥቁም እንደ ድሮው አፉን ከፍቶ ይታያል። የጠራጊዎቹ ነገር ሌላ ነው። አሥራ ሦስቱ ልጆች ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ናቸው፤ አስተማሪያቸው ካልጠራቻቸው በቀር የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ አይለይም። ሊቀመንበሩ ከድልድዩ ሮጦ ደርሶ ኮቱን ሳያወልቅ ጠርጓል።

"ኮቱ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?" አለ መራጩ።

"ጥቁር ነበር ጌታዬ" አለ ሊቀመንበሩ። "ይመለሳል።"

ምርጫውን መራጩ እዚያው ነገራቸው። በሁለት መንገድ ዙር ይሆናል፤ በጋሪው ወጥቶ በአስፋልቱ መውረድ። ስንጥቁን የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ይሞላዋል፣ "በኖራ ሳይሆን" አለ። የመጀመሪያው ጉዞ ከስድስት ሳምንት በኋላ እሁድ ነው። ለነጂዎች ማረፊያ የሚሆን ቤት ይፈለጋል ሲል ፖስተኛዋ እጇን ኪሷ ከተተች፣ ቁልፉን አወጣች፣ ወደ መንደሩ ወጥታ ፖስታ ቤቱን ከፈተች። ማንንም አላስፈቀደችም።

እህቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። "እታለም፣ እውነት ነው?"

"ሰማሽው እኮ።"

"ቋጠሮው ሁለት ዙር ነው። ቢላ አውሺኝ።"

"ገመዱን አትቁረጪው። አዲስ ነው። ፍቺው።"

መራጩ የደብዳቤ መለያ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ይሞላ ጀመር። ከቦርሳው ትልቅ ጥቁር ቁጥር የታተመበት ነጭ ጨርቅ አወጣ። ቁጥር አንድ ነው።

"ማኅበራችን አንድ ደንብ አለው" አለ። "አዲስ መንገድ ላይ በመጀመሪያው ቀን ከፊት የሚነዳው መንገዱን ያሳየው ሰው ነው። ስምዎን እዚህ ይጻፉ።"

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ወረቀቱ ላይ አዘነበለች። ከውጭ ልጆቹ በባልዲ ሲታጠቡ የሚጮሁት ይሰማል። መራጩ ጠበቀ።

"የሌላ ሰው ስም መጻፍ ይቻላል?" አለች።

"መንገዱን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ጎማው ግን የእሱ ነው።"

መራጩ በበሩ በኩል ቀዩን ሳይክል አየ። ጥቁሩን የፊት ጎማ አየ። "ያ እቶኑ ጋ ያየነው ሰውዬ?"

"እሱ።"

"ዕድሜው?"

"ሃምሳ ስድስት።"

"ተወዳድሮ ያውቃል?"

"ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ተመዝግቦ ነበር" አለች። "ዘገየ እንጂ አልቀረም።"

ጻፈችው። የእጅ ጽሕፈቷ የፖስታ ቤት ነው፤ ማንም ሳይቸገር ያነበዋል።

ኖራ አቃጣዩ ምርጫውን ሰምቶ ወዲያው ወደ እቶኑ ወርዷል፤ የሚደረድረውን ድንጋይ ሳይጨርስ ነበር የተነሣው። ፖስተኛዋ በዘጠኝ ሰዓት ደረሰችበት። ጉልበቷ በጨርቅ ታስሯል።

"መጣሽ?"

"ጎማህን አመጣሁ።"

ሳይክሏን ገለበጠች። ብሎኑን ፈትታ ጎማውን አወጣችና ጣቷ ላይ አሽከረከረችው። አንድም ቦታ አልተወላገደም። ወስዳ በገዛ ሳይክሉ ሹካ ውስጥ መለሰችው፣ አጠበቀችው፣ እንደገና አሽከረከረችው። እሱ እጁን አጣምሮ ያያታል።

"ቀጥ ብሏል" አለ።

"ቀጥ ብሏል።"

ከዚያ በርጩማውን ጎትታ ወጣችበትና ከምስማሩ ላይ የዛገውን ጎማ አወረደች። ቦታው ግድግዳው ላይ ክብ ሆኖ ታየ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጭስ ያልነካው ነጭ ክብ። ቁጥር አንድን ከደረቷ ሥር አውጥታ ምስማሩ ላይ ሰቀለች።

ኖራ አቃጣዩ ጨርቁን አየ። ቀረብ አለ። ሊነካው እጁን ዘረጋና መለሰው፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አየው፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ጠርዙን ያዘ።

"የአንቺ ነው" አለ።

"የኔ አይደለም። ስምህ ተጽፏል።"

"አርጅቻለሁ እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

"እኔም ሃምሳ ሞላኝ፣ አሁንም ልጅ ትለኛለህ።"

እቶኑ ውስጥ ያልተለኮሰ ድንጋይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ተሰማ።

"መቼ ነው?" አለ።

"እሁድ።"

ራሱን ነቀነቀ። ሄዶ የሳይክሉን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ መጀመሪያ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን። "ነገ ጠዋት እቶኑን አልለኩስም" አለ፣ ለራሱ ይሁን ለእሷ ሳይለይ። "በጋሪው መንገድ አንዴ ልውጣበት።"

"ቀኙን መስመር ያዝ።"

"መንገዱን ለኔ ትነግሪኛለሽ?"

ቀዩን ሳይክሏን እዚያው ግድግዳው ሥር ተወችው። ጠዋት የተጣመመውን ጎማ በቀኝ ትከሻዋ፣ የዛገውን በግራዋ አንጠልጥላ በጋሪው መንገድ ወደ መንደር ወጣች። ወዲያው እንደ ልማዷ እርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። ሃያ ላይ ደርሳ ተወችው።